የግራ ጉልበት

«ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ፣ ጋሼ?» አለችው ፋርማሲስቷ፣ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ እያለች።

ሻለቃ የቡና ስኒውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። የሞተው ጓደኛው ነው። ምንህን አመመህ ቢሉት አንጀቴን ሊል ይችላል። ጉልበት ደግሞ ከየት መጣ?

«የቱ ጉልበቴ?»

«ግራው ነው አይደል? እሱ ነግሮን ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አብጦ መራመድ እንኳ አቅቶታል ብሎን ነበር።» ከቦርሳዋ አንድ የቅባት ቱቦ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ጠዋትና ማታ ይቀቡት። ሽታው ይከብዳል እንጂ ፍቱን ነው።»

እግዜር ይስጥሽ አላት። ሐዘን ቤት ነው፤ ሰው የሰጡትን ይቀበላል፣ ያልገባውን ለነገ ያሳድራል። ቱቦውን ኮት ኪሱ ከተተና፣ የሚያየው ካለም ይየኝ ብሎ፣ ግራ ጉልበቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ምንም የለውም። ከሰውነቱ ሁሉ አቤቱታ አቅርቦ የማያውቅ ቢኖር ይሄ ጉልበት ነው።

ሌላ ጠያቂ መጥቶ እንደዚያው ሲለው ገረመው። ሦስተኛው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ለጉልበት መድኃኒቱ ፀሐይ ነው» ሲለው ግን ግርምቱ አለቀና ሌላ ስሜት ጀመረው። የሚጠይቁት ሁሉ የብስክሌት ማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ግራ ይላሉ፤ አንድም ሰው ተሳስቶ ቀኝ አላለም። ይሄ እንግዲህ ከአንድ አፍ የወጣ ወሬ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ ትናንት ተቀብሯል።

ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም፤ ሥራው የሆስፒታል ስልከኛ ነው። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነው። ሟቹ በያጅ ነበር። የስልክ ክፍሉን የመስኮት ፍርግርግ ሊበይድ መጥቶ ሳለ፣ ይሄ የማያይ ሰው «ይጠብቁ! አይጩሁብኝ! በአንድ መስመር አንድ ሰው!» እያለ ዋናውን ሐኪምም ዘበኛውንም እኩል ሲያዝ ሰማና መበየጃውን አስቀምጦ ሳቀ። «እሺ ጌታዬ ሻለቃ» አለው። ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው።

ፍርግርጉ አለቀ፤ በያጁ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። በምሳ ሰዓት ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣና መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ እየበላ ስለ ሰዉ ሁሉ ያማል። የተቃጠለ ብረት ይሸታል። አንድ ቀን አፉን እንደሞላ፣ ብስክሌት ነድተህ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው።

«በየትኛው ዓይኔ?» አለ ሻለቃ።

«በኔ» አለው።

ቀልድ መስሎት ነበር። በያጁ ግን ሁለት አሮጌ ብስክሌቶችን ቆራርጦ አንድ ረጅም ብስክሌት ሠራ፤ ፊት እሱ ይዞ የሚነዳው፣ ኋላ ሻለቃ ተቀምጦ የሚረግጠው። የሻለቃን እግር በገመድ ለካ። የፊቱን መቀመጫ እንደ ማንኛውም ብስክሌት በቡሎን አሰረው፤ የኋላውን ግን በልኩ አቁሞ በየደው። ሻለቃ ለምን ቢለው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ነው አለ። «በቡሎን የታሰረ ይፈታል። የተበየደ አይፈታም።»

በየዓመቱ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እርዳታ የሚሰበሰብበት የገጠር ጉዞ አለ። ማኅበሩ በብስክሌት ከከተማ ይወጣና በእርሻ ማሳው፣ በወንዙ ዳር፣ በጠጠሩ መንገድ ዞሮ ከቀናት በኋላ ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ ለሚያውቀው ነጂ ቃል ይገባል። ሁለቱ አንድም ዓመት አልቀሩም። ከጉዞው የሻለቃ ዓመት ይጀምራል፣ በጉዞው ያልቃል። በያጁ ከፊት ሆኖ መንገዱን ይጠራለታል፤ «ጉድጓድ!» ይላል፣ «ላም!» ይላል፣ «እዚህ ቤት በር ላይ አንዲት ሴትዮ ባሏን በመጥረጊያ እያባረረች ነው፣ ቀስ ብዬ ልንዳልህ» ይላል። ሻለቃ ከኋላው እየሳቀ ይረግጣል። ዓይን ያለው ሰው ያን ያህል አይቶ እንደሆነ እንጃ።

የመጨረሻው ቀን ላይ ታዲያ አንድ ዳገት አለ። ማኅበርተኛው የአማት ዳገት ይለዋል፤ ማለቂያ የለውም፣ መልስም አይሰጡትም። እግሩ ሥር ሲደርሱ በያጁ ይጠይቃል፤

«ሻለቃ፣ እንውረድ?»

«ለአማት ክብር ነው፤ እንውረድ» ይላል ሻለቃ።

ወርደው ብስክሌቱን ግራና ቀኝ ይዘው እየገፉ፣ አንድ ብርቱካን ለሁለት እየተካፈሉ ይወጡታል። የሚያልፏቸው ነጂዎች «ሻለቃው ሠራዊቱን አወረደ!» ብለው ይስቁባቸዋል። ለሻለቃ ከጉዞው ሁሉ የሚጥመው ያ ነበር። በያጁ ስለ አባቱ የነገረው እዚያ ዳገት ላይ ነው፤ ሻለቃም ሊያገባት የነበረችውን ሴት ነገር የተናገረው እዚያው ነው። ከብስክሌት ላይ ሆነው የማይባል ነገር በእግር ይባላል።

በመጨረሻ ትዝታውን ያቋረጠው ከበሩ አጠገብ የመጣ ሹክሹክታ ነው። ሰው፣ ዓይኑ የማያይ ጆሮውም የማይሰማ ይመስለዋል። ወይ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሻለቃ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድምፅ በቀጭን ሽቦ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

«ሻለቃ ከኋላው ቢኖር እኮ እንደ ልማዳቸው ወርደው ይገፉት ነበር» አለ አንደኛው።

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

«ያን ረጅም ጠበቃ ከኋላ ማስቀመጡ ነው ጉድ ያደረገው። እግሩ ሞተር ነው፤ አልወርድም አለ አሉ።»

«ስለ ጠበቃው አልተነገረውም መሰለኝ። ተው በቃ።»

ሻለቃ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠው። የበያጁ ሚስት ሆስፒታል ደውላ ያለችው፣ መንገድ ላይ ልቡ ቆመ ነው። መንገድ ሲባል እሱ የገባው የሥራ መንገድ ነው። በያጁ እኮ የውሃ ማማ ልበይድ ወደ ገጠር እሄዳለሁ ብሎት ነበር። ጉዞው ዘንድሮ ቀርቷል ብሎት ነበር።

ትንሽ አየር ልውሰድ ብሎ ተነሣ። ሰዎች ሊይዙት ተሯሯጡ፤ ይሄን ቤት ከእናንተ ይልቅ አውቀዋለሁ አላቸውና ግድግዳውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፤ የሲሚንቶውን ደረጃ ወርዶ፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ በእጁ እየዳሰሰ ወደ በያጁ መሥሪያ ሄደ። ውስጡ ብረት፣ ዝገትና ዘይት ይሸታል። ብስክሌቱ በሸራ ተሸፍኖ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሸራውን ገለጠ።

ጎማዎቹ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። መሪው አንድ ጎኑ ታጥፏል። እጁን በብረቱ እያስኬደ ወደ ኋላው መቀመጫ መጣ፤ መቀመጫው ከለመደው ቦታ አልነበረም። ሽቅብ ፈለገው። እጅግ ከፍ ብሎ አገኘው፤ ረጅም ጭን ላለው ሰው። ከሥሩ ያለውን ዘንግ ዳሰሰ። ያ የሚያውቀው የብየዳ ጠባሳ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከመውጣቱ በፊት በጣቱ የሚነካው፣ የለም። በማሽን ተቆርጦ ተሞርዷል፤ እንደ ሳንቲም ለስልሷል። በቦታው ቡሎን አለ።

እዚያው ቆመ። ለካ ሰው ብየዳም ይቆርጣል። የቆረጠውም ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሌባ ቢሆን ምንም አልነበረ፤ ራሱ የበየደው ሰው ነው። ደግሞ በጥንቃቄ ነው የሞረደው፤ እጅ እንዳይቧጭር ብሎ። የማንን እጅ ነው የተጠነቀቀለት?

ያን ቀን የስልክ ክፍሉ መስኮት ላይ እንዴት እንደተቀመጠ አስታወሰ። እንደ ወትሮው ዳቦ ይዞ መጣ፤ እንደ ወትሮው ግን ሰው አላማም። ዘንድሮ ጉዞው ቀርቷል፣ መንገዱን እየቆፈሩት ነው አለ። ሻለቃ አዝኖ፣ ታዲያ እኛ ሁለታችን ለምን በሌላ መንገድ አንወጣም ሲለው፣ በያጁ ዳቦውን መልሶ በጋዜጣው እየጠቀለለ ሥራ በዝቶብኛል አለ። በዚያ ስልክ ስንት ባል ስብሰባ ላይ ነኝ ሲል ሻለቃ ሰምቷል። ስንቱን ዋሾ ከስንቱ ሰው አገናኝቷል። የዚህን ግን አልሰማውም። የሚያምኑትን ሰው ማን ያዳምጣል?

ሲመለስ የበያጁ ሚስት ወጥ ቤት ስኒ እያጠበች አገኛት። ሐዘንተኛ ተቀመጪ ቢሏትም እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብላ እምቢ ያለች ሴት ናት። ሌሎቹን ሴቶች ወደ ሳሎን ልካቸዋለች። ሻለቃ በሩ ላይ ቆመ።

«እጅህ ዘይት ነክቷል» አለችው።

«የማንን እግር ነው የለካው?»

ቧንቧውን ዘጋችው። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ቆየ።

«ጠበቃ ነው። እንዳንተው ዓይኑ አያይም፤ እዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ንገረው ብዬ ለምኜዋለሁ፣ ሻለቃ። ስንት ቀን ስንጨቃጨቅ ከረምን።»

«ምን አለሽ?»

«ተወው አሁን። ሞቷል።»

«ምን አለሽ ነው የምልሽ።»

በፎጣ እጇን አደረቀች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። «አንድ ጊዜ ብቻ ያን ዳገት ሳልወርድ ልውጣው አለ። ስንት ዓመት እያለፉን ሲስቁብን ኖርኩ አለ። ሻለቃ ደግሞ ደክሟል፣ አይችልም፣ እንውረድ ወይ ባልኩት ቁጥር እሺ ነው የሚለኝ፤ ይሄን ፊቱ ላይ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ አለ። ለማኅበሩ ጉልበቱን አሞታል ብሎ ተናገረ። ላንተ ያለህን ታውቀዋለህ።»

«አንቺም እሺ አልሽው።»

«እሺ አላልኩም። ዝም አልኩ።»

«ያው ነው» አላት።

ወደ ሳሎን ሊመለስ ሲዞር እጁ የበሩን መቃን ሳተው፤ በዚህ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

አሁን እዚህ ላይ ሻለቃ ለማንም ተናግሮት የማያውቀው ነገር አለ። ስልከኛ ሆኖ የኖረ ሰው ከቃል በፊት ትንፋሽ መስማት ይለምዳል። ደዋዩ አፉን ሳይከፍት፣ ይሄ መርዶ ይዟል፣ ይሄ ሊሳደብ ነው፣ ይቺ ወልዳለች ይላል። ከበያጁ ጀርባ ተቀምጦም የሰማው ትንፋሽ ነበር። ዳገት ሲጀምር ደረቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ያፏጫል፤ መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ ኋላ ግን በየዓመቱ ባሰበት። አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ነው ያለሁት፣ ና ደረትህን ይዩልህ ብሎት ነበር። በያጁ ተቆጣ። «ሐኪም ነህ ስልከኛ?» አለው፤ ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ሳይመጣ ቀረ። ኩሩ ሰው ነው፤ ደከመኝ ከሚል ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል። ስለዚህ እዚያ ዳገት ሥር «እንውረድ?» ሲል፣ ሻለቃ ልመና ሆኖ ነው የሚሰማው። በአማት ቀልድ ጠቅልሎ እንውረድ ይለዋል። የሻለቃ እግር እስከ ጫፍ መውጣት ይችል ነበር። አንዳንዴም ያምረው ነበር። ለጓደኛ ሲባል ግን ይወረዳል።

ያ ሁሉ መውረድ እንግዲህ ድካም ተብሎ ተቆጠረበት። ለሱ ክብር ብሎ ወርዶ፣ በሱ አፍ ሽባ ተባለ። ሌሊቱን እህቱ ቤት ተኝቶ ይሄን ሲያገላብጥ አደረና ጠዋት ልብሱን ሲለብስ ቆርጦ ነበር። ዛሬ ማኅበሩ በሙሉ ለስንብት ይሰበሰባል። ሁሉም ባሉበት ቆሞ ይናገራል። ጉልበቴ ደህና ነው ይላል። የምንወርደው በኔ አልነበረም፣ በሱ ነበር፤ ደረቱ ሲያፏጭ የሰማሁት እኔ ነኝ ይላል። ለሞተ ሰው ስም የሚቆረቆሩ ከሆነ፣ በሕይወት ላለውም ይቆርቆሩ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሞልቶ ሰው እስከ ግቢው ድረስ በወንበር ተደርድሯል። የበያጁ ሚስት ዛሬ ተቀምጣለች። ሻለቃ እንደ ወንድም ከጎኗ ነው፤ ሁለቱ ጠዋት ከተለዋወጡት ሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። ባልደረባችን ለበጎ ሥራ በመንገድ ላይ ሳለ ተለየን አለ። ያን ሁላችንም የምንፈራውን ዳገት፣ ሳይወርድ፣ ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው የወደቀው አለ። «የልቡን አድርሷል» አለ፤ ሰዎች በሐዘኔታ እህ አሉ።

የልቡን አድርሷል! ከኔ ጋር ሲሆን ያላደረሰው፣ ከኔ ሲላቀቅ አደረሰው ማለት ነው። ሻለቃ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«እኔም አንድ ቃል አለኝ» አለ።

ሰብሳቢው ደስ ብሎት፣ እንዴታ፣ ከሻለቃ የሚቀርበው ማን አለ ብሎ ተቀመጠ። ቤቱ ጸጥ ሲል ከግቢው የዱላ ድምፅ መጣ። ዱላው ወለሉን በብረት ጫፉ እየነካ፣ ደረጃውን እየቆጠረ ይወጣል። ሻለቃ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ የራሱም ዱላ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ጫማዎች ሲሰበሰቡ፣ ወንበሮች ሲሳቡ፣ አንድ ሰው «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ሲል ተሰማ። ዓይነ ስውርን ወስዶ ከዓይነ ስውር አጠገብ ማስቀመጥ የሰው ሁሉ ጥበብ ስለሆነ፣ መጪውን አምጥተው ከሻለቃ ጎን አስቀመጡት። ሲቀመጥ ጉልበቱ የፊቱን ወንበር መታው። ረጅም ነው።

«ከጎኔ ማን ነው?» አለ ጠበቃው።

«ሻለቃ ነኝ።»

ጠበቃው ዱላውን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። ድምፁ ሰው ፊት መናገር የለመደ ሰው ድምፅ ነው። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣሁም» አለ። «የመጣሁት እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። እዚህ ሰው ፊት መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን።»

ሻለቃ አሁንም እንደቆመ ነው።

«ዳገቱ ሥር ስንደርስ እንውረድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሚፈትነኝ መሰለኝ። ለመውረድ አልመጣሁም አልኩት፤ ሳቀ። መሀል ላይ እንደገና ጠየቀኝ። ያን ጊዜ በስሜ አልጠራኝም። ‹ሻለቃ፣ እንውረድ?› ነው ያለኝ።»

ከሻለቃ ጎን የበያጁ ሚስት ትንፋሿ ተያዘ።

«ሻለቃ ማን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም» አለ ጠበቃው። «‹ንዳው› አልኩት። በቃ፣ ነዳው። የሆነ የሚያፏጭ ነገር እሰማ ነበር። የብስክሌቱ ድምፅ መሰለኝ። ከወደቅን በኋላ ነው... እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ከጀርባው ተቀምጠዋል፣ ጋሼ። እዚያ ዳገት ላይ የምትወርዱት በምን ነበር? በእሱ ድካም ነበር? ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው።»

ሻለቃ ቃሉ ምላሱ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው፣ እውነት የሆነ ቃል፤ አዎ ማለት ብቻ ነው የሚበቃው። አዎ ካለ ስሙ ይነጻል። አዎ ካለ ይሄ ረጅም ሰው ደግሞ ያን ፉጨት እስኪሞት ድረስ ሲሰማው ይኖራል። ሻለቃ ትንፋሽ ያውቃል፤ አጠገቡ ያለው ትንፋሽ የሰው ፍርድ የሚጠብቅ ነው፣ ቢፈረድበትም የሚቀበል ነው።

ወይ አንተ ሰውዬ! አለ በሆዱ፣ ለሞተው። ብየዳውን ቆረጥክ፣ ጉልበቴን አሳመምክ፣ ከኋላህ ሌላ አስቀመጥክ፤ ሲጨንቅህ ደግሞ የጠራኸው እኔን ነው። ይቅር አላልኩህም። ሰማህ? አላልኩህም።

«በኔ ነበር» አለ ጮክ ብሎ።

«እ?»

«የምንወርደው በኔ ነበር። ጉልበቴ ነው። ግራው።» ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን አነሣው። «እሱ ምንም አልነበረውም፤ እንደ ፈረስ ነበር። በኔ ምክንያት ነው አንድም ቀን ያን ዳገት ነድቶ ሳይወጣው የኖረው። ያፏጫል ያልከው ደግሞ የብስክሌቱ ካቴና ነው። ዘይት ቀባው እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ፤ ለሰው ብረት እንጂ ለራሱ ብረት ጊዜ አልነበረውም። ልቡ ቀኑ ደርሶ ነው የቆመው። አልጋውም ላይ ቢሆን ይቆም ነበር።»

«እውነትዎን ነው?»

ጠበቃ ነው እንግዲህ፤ ዕድሜውን የሐሰት ምስክር ሲመረምር የኖረ። ደግሞ እንደ ሻለቃው በድምፅ ነው የሚያየው። ሻለቃ የገዛ ድምፁ መጨረሻው ላይ ቀጭን እንደሆነበት ሰምቶታል፤ ይሄም ሰውዬ ሳይሰማው አልቀረም። ቃል ብቻውን አይበቃም።

ተቀመጠ። ኮት ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ ትናንት ፋርማሲስቷ የሰጠችውን ቱቦ አወጣ፤ ክዳኑን ፈታው። ያ ከባድ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ወጣ። ከወዲያ ማዶ ፋርማሲስቷ «ውይ፣ ጀመሩት?» ስትል ተሰማ። ሻለቃ ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ። ሱሪው የሐዘን ጥቁሩ ነው፣ ጠባብ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ እምቢ አለው።

ልብስ ኮሽ አለ። የበያጁ ሚስት ከወንበሯ ወርዳ እግሩ ሥር ተንበርክካለች። እዚያ ቤት ውስጥ ያ ጉልበት ጤነኛ መሆኑን ከሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እጄን ልትይዝ ነው ብሎ ጠበቀ። አልያዘችውም። የሱሪውን ጫፍ ስባ ከጉልበቱ በላይ አወጣችው፤ ቅባቱ እንዳይነካው ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

ጠበቃው ፊቱን ወደ ሽታው አዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» አለ፤ ድምፁ አሁን የሕፃን ድምፅ ነው።

«ከድሮ ጀምሮ» አለ ሻለቃ። «ዳገት ሲሆን ይብስበታል።»

ጠበቃው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ ዱላውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ቅባቱ ያልታመመ ቆዳ ላይ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ሻለቃ ቱቦውን እንደገና ጨመቀው፤ ጨምሮ ቀባ።